የሮማውያን ልብስና ማዕረግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ጥንት ሮማውያን አለባበስ በዓይነ ኅሊናችን የያዝነው ሥዕል በአብዛኛው ከእብነ በረድ ሐውልትና ከፊልም የመጣ ነው። ሐውልት የሚቆመው ለባለ ማዕረግ ነው፤ የሚቀረጸውም የክብር ልብሱን እንደለበሰ ነው። አናጺው፣ አራሹ፣ ድንበር ጠባቂው ወታደር፣ ባሪያው እዚያ ውስጥ የሉም። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ይመስለኛል።

«ሮማውያን ዘወትር ቶጋ ይለብሱ ነበር»

ቶጋ ወደ ግማሽ ክብ የተጠጋ ቅርጽ ያለው የሱፍ ልብስ ነው። በቄሳሮቹ ዘመን ርዝመቱ ከ5 ሜትር በላይ ነበር። በትከሻና በክንድ ላይ እየታጠፈ ስለሚለበስ ይከብዳል፣ ይሞቃል፣ ግራ እጅንም ያስራል፤ ባለጸጎች ለብቻቸው አይለብሱትም፣ የሚያለብሳቸው ባሪያ ነበራቸው። እንዲህ ያለ ነገር ለብሶ ማረስም ሸክም መሸከምም የማይታሰብ ነው። የዘወትሩ ልብስ ቱኒካ ይባላል፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ በወገብ የሚታጠቅ ቀሚስ ነው። ሲበርድ ካባ ይደረብበታል።

ሮማውያን ራሳቸው ከቶጋ ይሸሹ እንደነበር የሚያሳየው አውግስጦስ ቄሳር ነው። የታሪክ ጸሐፊው ሱኤቶኒየስ እንደሚነግረን፣ ቄሳሩ ሕዝቡ ጥቁር ካባ ለብሶ ተሰብስቦ ቢያይ ተቆጣ፤ ከዚያ በኋላ በከተማዋ አደባባይ በፎረም ማንም ያለ ቶጋ እንዳይቆም አዘዘ። ባለ ቅኔው ዩቬናል ደግሞ በጣሊያን አገር በብዙው ክፍል ሰው ቶጋ የሚለብሰው ሲሞት ብቻ ነው ብሎ ጽፏል። ድሃውን ዜጋ ቶጋ የሚያስለብሰው ብዙ ጊዜ ማለዳ ተነሥቶ የባለጸጋ ደጅ መጥናት ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ ቶጋ የዜግነት ምልክት ነበር፤ የውጭ አገር ሰው ሊለብሰው አይፈቀድለትም፣ የተጋዘ ሰውም መብቱን ያጣል። በቀላውዴዎስ ቄሳር ዘመን አንድ ሰው ዜጋ ሳይሆን ዜጋ ነኝ ብሏል ተብሎ ተከሰሰ። ጠበቆቹ ገና ከመነሻው ቶጋ ለብሶ ይቅረብ ወይስ የግሪክ ካባ በሚለው ተከራከሩ። ቀላውዴዎስም ክሱ ሲሰማ ካባውን፣ መከላከያው ሲሰማ ቶጋውን እንዲለብስ አዘዘ። ልብስ በሮም ምን ያህል የሕግ ጉዳይ እንደነበር ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ታሪክ አላውቅም።

«ሐምራዊ የሚለብሰው ንጉሠ ነገሥቱ ብቻ ነበር»

ሴናተሮች ቱኒካቸው ላይ ከትከሻ እስከ ታች የሚወርድ ሰፊ ሐምራዊ መስመር ነበራቸው፤ ከእነሱ ቀጥሎ ያለው የፈረሰኞች መደብ ጠባብ መስመር። ሐምራዊ ጥለት ያለው ቶጋ የሹማምንት ነበር፤ ነጻ ሆነው የተወለዱ ልጆችም ያንኑ ይለብሱ ነበር።

ገንዘብ ያለውም ገዝቶ ይለብሳል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 የምናነባት የትያጥሮኗ ልድያ ቀይ ሐር ሻጭ ነበረች፤ ግሪክኛው የሚለው ሐምራዊ ሻጭ ነው። የአማርኛው «ቀይ» ከእውነቱ የራቀ አይደለም፤ ምርጡ የጢሮስ ሐምራዊ የረጋ ደም ይመስላል ተብሎ ተጽፏልና። ልድያ የምትኖርበት ፊልጵስዩስ የሮም ቅኝ ከተማ ነበረች፤ ንግዷም በድብቅ የሚሠራ አልነበረም።

ውድነቱ ግን እውነት ነው። ቀለሙ የሚወጣው ከባሕር ቀንድ አውጣ ነው፤ በ1909 እ.ኤ.አ. ኬሚስቱ ፖል ፍሪድላንደር ከ12,000 ቀንድ አውጣ ያገኘው 1.4 ግራም ብቻ ነበር። ዲዮቅልጥያኖስ ቄሳር በ301 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዋጋ አዋጅ ሐምራዊ የተነከረ ሐር በአንድ የሮም ፓውንድ (ከግማሽ ኪሎ ያነሰ ነው) 150,000 ዲናር ተተምኗል። በዚያው አዋጅ የእርሻ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ከምግቡ ጋር 25 ዲናር ነው። ይህ ማለት የ6,000 ቀን ድካም ነው። ርካሽ የሆነው፣ ከዕፅ ሥርና ከቅጠል የሚነከረው ሐምራዊ ለሌላው ሕዝብ ነበር። ኔሮን አንዳንዱን ዓይነት ቢከለክልም፣ ሐምራዊ በጥብቅ ለቤተ መንግሥት የተከለለው በ4ኛውና በ5ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

«ሁሉም ነጭ ለባሽ ነበር»

ሐውልቶቹ ቀለም ተቀብተው ነበር፤ በዘመን ብዛት ታጥቦ ሄዶ ነው ነጭ የመሰሉን። በኖራ ያነጣ ቶጋ የሚለብሰው ለሹመት የሚወዳደር ሰው ነው፤ «ካንዲዳቱስ» ይሉታል፣ ነጭ የለበሰ ማለት ነው። ሐዘንተኛ ጥቁር ይለብስ ነበር። በ1ኛው ክፍለ ዘመን ሮም ከምትገዛት ግብፅ ወደ እኛው የአዱሊስ ወደብ ከሚጫነው ሸቀጥ መካከልም ቀለም የተነከረ ካባ ይገኝበታል።

«ሴቶች በልብሳቸው ጉዳይ ድምፅ አልነበራቸውም»

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ215፣ ሮም ከካርታጎው የጦር መሪ ከሐኒባል ጋር ስትዋጋ፣ ሴት ከ14 ግራም ገደማ በላይ ወርቅ እንዳይኖራት፣ ባለ ቀለም ልብስም እንዳትለብስ ሕግ ወጣ። ጦርነቱ ካለፈም በኋላ ሕጉ አልተነሣም። በ195 ሴቶቹ ከየቤታቸው ወጥተው ወደ ፎረም የሚወስደውን መንገድ ሞሉት፤ የሚያልፈውን ወንድ ሁሉ ይለምኑ ነበር። የዓመቱ ከፍተኛ ሹም (ኮንሱል) የነበረው ካቶ አጥብቆ ቢቃወማቸውም ሕጉ ተሻረ።

«እግራቸው ባዶ፣ ጫማቸው ሰንደል ብቻ ነበር»

በሰሜን እንግሊዝ ከቪንዶላንዳ የጦር ሰፈር በተገኘ የእንጨት ደብዳቤ ላይ፣ ለአንድ ሰው የተላከለት ዕቃ ተዘርዝሯል፤ ካልሲ፣ ሰንደልና ሁለት የውስጥ ሱሪ።

«ባሪያ በልብሱ ይታወቅ ነበር»

ይህን ብዙ ሰው ያምናል፤ እኔን ከሁሉ የሚነካኝም ይኸው ነው። ባሪያ የተለየ ልብስ አልነበረውም። ቱኒካው ድሃ ነጻ ሰው የሚለብሰው ዓይነት ነበር፤ የባለጸጋ ቤት አሽከር እንዲያውም ከድሃ ዜጋ የተሻለ ይለብስ ነበር። ፈላስፋው ሴኔካ እንደጻፈው፣ ባሮች ከነጻ ሰዎች በልብስ ይለዩ የሚል ሐሳብ አንድ ጊዜ ለሴኔት ቀርቦ ነበር። ባሮቹ ጌቶቻቸውን መቁጠር ቢጀምሩ ምን አደጋ እንደሚመጣ ያን ጊዜ ግልጽ ሆነ ይላል።

ምልክት የነበረው ነጻ ለወጣው ነው፤ ፒሌዩስ የሚሉትን የሱፍ ቆብ ይደፋል። በ68 እ.ኤ.አ. ኔሮን ሲሞት የሮም ሕዝብ ይህንኑ ቆብ ደፍቶ በደስታ በየጎዳናው ሮጠ።