ፖሊስ «መኪናህን ልፈትሽ?» ሲል

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛ ማሻሻያ የሚከለክለው ፍተሻን ሁሉ ሳይሆን ምክንያታዊ ያልሆነውን ነው። ብዙዎቻችንን ግራ የሚያጋባን ግን ፈቃድ የሚባለው ነገር ነው። ሹፌሩ ሳይገደድ «እሺ» ካለ ፍተሻው ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣም ያለ ጥርጣሬም ሕጋዊ ይሆናል። ይባስ ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1973 እንደወሰነው፣ ፖሊሱ «እምቢ ማለት ትችላለህ» ብሎ የመንገር ግዴታ የለበትም። ፖሊስን እምቢ ማለት ድፍረት ወይም አደጋ ሆኖ ለሚታየን ይህ በጣም ከባድ ነው። በትሕትና «ፍተሻ አልፈቅድም» ማለት ወንጀል አይደለም። ፖሊሱ ወንጀል ለመኖሩ በቂ ምክንያት አለኝ ብሎ ከፈተሸ ግን አይታገሉት፤ ክርክሩ ፍርድ ቤት ነው። ስልክ ይለያል፦ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ በቁጥጥር ሥር የዋለ ሰው ስልክ እንኳ፣ አስቸኳይ ሁኔታ ካልገጠመ በቀር፣ ያለ ማዘዣ አይበረበርም።