ዩራት1 እና ዩሪክ አሲድ

ስለ ሪህ ሲያነቡ «ኤስኤልሲ22ኤ12» እና «ዩራት1» የሚሉ ስሞች ይገጥሙዎታል። የመጀመሪያው ጂን ነው፤ ክሮሞዞም 11 ላይ ይገኛል። ሁለተኛው በዚያ ጂን መመሪያ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ስም አውጪዎቹ ለአንባቢ ብዙም አልተጨነቁም።

ኩላሊት ደም ሲያጣራ፣ በደም ውስጥ ሲበዛ ሪህ የሚያመጣው ዩሪክ አሲድም አብሮ ይወርዳል። ብዙ ሰው ያ ሁሉ በሽንት የሚወጣ ይመስለዋል። አይደለም፤ 90 በመቶ ገደማው ወደ ደም ይመለሳል። ዋናው መላሽ ዩራት1 ነው። ዩሬትን፣ ማለትም ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለውን የዩሪክ አሲድ መልክ፣ ከኩላሊት ቱቦ ወደ ሴሉ ያስገባል፤ በምትኩ ሌላ ኔጌቲቭ አዮን (አኒዮን) ያስወጣል። «አኒዮን አመላላሽ» ያሰኘውም ይህ ልውውጥ ነው።

ፕሮቤኔሲድ የተባለው የቆየ የሪህ መድኃኒት የሚሠራው ይህን ፕሮቲን በማገድ ነው። የሚገርመው፣ የደም ግፊት መድኃኒቱ ሎሳርታንም በመጠኑ ያግደዋል።

ታዲያ ጂኑ ባይሠራስ? በተለይ ጃፓንና ኮሪያ ውስጥ እንዲህ ሆነው የሚወለዱ ሰዎች አሉ። በደማቸው ያለው ዩሪክ አሲድ በጣም ዝቅተኛ ነው። መታደል ይመስላል፤ ግን አንዳንዶቹ ከከባድ ስፖርት በኋላ ኩላሊታቸው በድንገት ይጎዳል፤ ጠጠር የሚያስቸግራቸውም አሉ።