«ደላላው ነው» ማለት ለምን አያዋጣም? ስለ ሲስተም ቲዮሪ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ለግብርና ባለሙያዎችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራሮች ሥልጠና እሰጣለሁ። የማስተምረው ሲስተም ቲዮሪን ነው። ይህ ትምህርት ችግርን በአንድ ሰው ወይም በአንድ ቦታ ብቻ አይፈልግም፤ ክፍሎቹ እርስ በርስ ተሳስረው ችግሩን እንዴት እንደሚፈጥሩት ይመረምራል። ከመንዝ እስከ ሸዋ ሮቢት በየአዳራሹ የሚነሱት የተሳሳቱ አስተያየቶች ያው ናቸው። አንደኛው ከሁሉም በላይ አታክቶኛል፤ ወደ እሱ እስክደርስ ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልመልሳቸው።

«የሂሳብና የኮምፒውተር ሰዎች ሥራ ነው።» አይደለም። እርሳስና ወረቀት ይበቃል። የጠቅላላ ሲስተም ቲዮሪ መሥራች የሚባለው ሉድቪግ ፎን በርታላንፊ ራሱ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ነበር።

«ሁሉም ነገር ከተያያዘ የሚስተካከል ነገር የለም።» ይህ ከሥራ መሸሻ ነው። ከተያያዙት ውስጥ ለያዝነው ጥያቄ የሚጠቅሙትን ለይቶ ወሰን ማበጀት የመጀመሪያው ሥራ ነው።

«የፈረንጅ ቲዮሪ ለእኛ አይሆንም።» ይህን መንዝ ውስጥ ስሰማ እበሳጫለሁ። የመንዝ ሰው የጓሳን መሬት ለመቶዎች ዓመታት ሲያስተዳድር የኖረው በዚሁ አስተሳሰብ ነው። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ያ ደጋ ለቤት ክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር፣ የጭላዳና የቀይ ቀበሮ አገር ነው። አባቶች ሣሩ ሲመነምን አካባቢውን ለዓመታት ይዘጉታል፤ ሲያገግም ለተወሰነ ጊዜ ይከፍቱታል። የሣሩ ሁኔታ ራሱ የአጨዳውን መጠን ይወስናል ማለት ነው፤ ግብረ መልስ የሚባለው ይኸው ነው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ያ አስተዳደር ፈረሰ፣ ማንም እየገባ ማጨድና ማሰማራት ጀመረ፣ ሣሩም ተጎዳ። በኋላ ኅብረተሰቡ እንደገና ተደራጅቶ መጠበቁን ቀጠለ። በዚህ ሁሉ መሐል የመንዝ ሰው ጠባይ አልተለወጠም። የተለወጠው ሕጉ፣ ውሳኔውና የሣሩ ሁኔታ የሚገናኙበት መንገድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፦ «ጥፋተኛውን ካገኘን ችግሩ ያልቃል።» ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት ሲረክስ ገበሬው «ደላላው ነው» ይላል። አዲስ አበባ ላይ ሽንኩርት ሲወደድ ሸማቹም «ደላላው ነው» ይላል። ዋጋ ሲወርድም ሲወጣም ተከሳሹ አንድ ሰው ከሆነ ክሱ ምንም አላስረዳንም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በሮቢ ወንዝ መስኖ የሚያለማ ገበሬ ገበያ ላይ ጥሩ ዋጋ ያያል፤ ዘር ገዝቶ የችግኝ መደብ ያዘጋጃል። ችግኙ መደብ ላይ ከወር በላይ ይቆያል፤ ማሳ ላይ ከተተከለ በኋላም ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል። ዛሬ ባየው ዋጋ የወሰነው ነገር ገበያ የሚደርሰው ከአራት አምስት ወር በኋላ ነው። ጎረቤቱም ያንኑ ዋጋ አይቶ ያንኑ ወስኗል፤ ከወንዙ ማዶ ያለውም እንዲሁ። የሁሉም ሽንኩርት በአንድ ሰሞን ይደርሳል። በቆላው ሙቀት ቶሎ ስለሚበሰብስ ባገኙት ዋጋ መጣል ግድ ይሆናል። የከሰረው ሁሉ በሚቀጥለው ዙር ወደ ማሾና ወደ ሌላ እህል ይዞራል፤ ሽንኩርት ይጠፋል፣ ዋጋው ይሰቀላል፣ ሁሉም ተመልሶ መደብ ያዘጋጃል። በዚህ ዑደት ውስጥ አንድም ክፉ ሰው አያስፈልግም። እያንዳንዱ ባየው ነገር ልክ አስቦ ነው የወሰነው።

ቀወት ወረዳ ውስጥ የማውቀው አንድ ማኅበር ደላላውን ዘሎ ምርቱን በራሱ አይሱዙ ጭኖ አዲስ አበባ ወስዶ ነበር። ያገኘው ዋጋ የትራንስፖርቱን እንኳ በወጉ አልሸፈነም። አብረው የሄዱት ሽማግሌ ሲነግሩኝ «ልጄ፣ ከፊታችን የተሰለፈው መኪና ሁሉ የእኛውን አገር ሽንኩርት የጫነ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በዚያ አዳራሽ ስለ ደላላ የሚያወራ ጠፋ።

ይህ በሙከራም የታየ ነገር ነው። በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ፣ ሲስተም በጊዜ ሂደት እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያጠናውን ሲስተም ዳይናሚክስን የመሠረተው የጄይ ፎረስተር ቡድን ያዘጋጀው የቢራ ማከፋፈያ ጨዋታ አለ። ተጫዋቾች ቸርቻሪ፣ ጅምላ ሻጭ፣ አከፋፋይና ፋብሪካ ይሆናሉ፤ ትእዛዝም ሆነ ዕቃ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። የሸማቹ ፍላጎት አንዴ ብቻ በሳምንት ከ4 ወደ 8 ካርቶን ከፍ ይልና በዚያው ይቆያል። የሰንሰለቱ ትእዛዝ ግን ይናጣል፦ መጀመሪያ እጥረት፣ ቀጥሎ የተከመረ ዕቃ። ተማሪም ተጫወተው የድርጅት ኃላፊ፣ ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ሲጨርሱም አብዛኞቹ ሸማቹ ሲዋዥቅ የነበረ ይመስላቸዋል። ጥፋተኛ ፍለጋ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

«እንግዲያው ሌባ አይጠየቅ ማለት ነው?» ይሉኛል። ይጠየቅ እንጂ! ሚዛን የሚያጎድል ደላላ በሕግ ይጠየቅ። እሱ ታሰረ ማለት ግን የሽንኩርት ዋጋ ተረጋጋ ማለት አይደለም።

«ውጤቱ ቶሎ ካልታየ ሥራው አልሠራም» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። ምጣዱ አልግል አለ ብላ እንጨት የምትደራርብ ሴት የመጀመሪያው እንጀራ ያርርባታል። ወረዳዎቻችንም አንዱ ዕቅድ ፍሬ ሳያሳይ ሁለተኛ ይጨምሩበታል፣ ሦስተኛው ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይደርስና የቱ እንደሠራ የሚያውቅ አይኖርም።

ስለዚህ ለማኅበራት የምላችሁ ይህ ነው። ዋጋን አትከተሉ፤ ዋጋ የሚነግራችሁ ባለፉት ወራት ሰው ምን ያህል እንደተከለ ነው። የሚቆጠረው መደብ ነው። የመስኖው ወቅት ሲጀመር በየቀበሌው አንድ ሰው መድቡ፤ በየሁለት ሳምንቱ ስንት መደብ ሽንኩርት እንደተዘራ ቆጥሮ በገበያ ቀን ይለጥፍ። ዘር ሻጮችንም ስንት ኪሎ እንደሸጡ ጠይቁ። የአንዱ ማኅበር ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ ሽንኩርታችሁ አንድ ገበያ የሚወርድ ሁሉ ቁጥሩን ይለዋወጥ፣ የኤፍራታና ግድም ጎረቤቶቻችሁም ጭምር። ቁጥሩ ካምናው በጣም ከበለጠ መሬታችሁን ክፈሉት፦ ከፊሉን አሁን ትከሉ፣ ከፊሉን ከወር በኋላ፣ የቀረውን ማሾ ዝሩበት። ይህንን አንድ ወቅት ብቻ ሞክራችሁ አትተዉት፤ ቢያንስ ሦስት የመስኖ ወቅት መዝግቡና መዝገቡን ለሚቀጥለው ሊቀ መንበር አስረክቡ።