ባውድ ሬት ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «ሴንሰርህ ከዘገየብህ ባውድ ሬቱን ወደ 115200 ከፍ አድርገው፣ ይፈጥናል» ብሎ ሲመክር አነበብኩ። ይህን ምክር ስንቴ እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው። በእሱ ጦስ ደህና ሞጁል «ተቃጥሏል» ተብሎ ሲጣል ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ባውድ ሬት ስምምነት ነው፤ በሰከንድ ስንት ቢት (0 ወይም 1) እንደሚያልፍ ላኪና ተቀባይ የሚስማሙበት ቁጥር። በዩአርት፣ ማለትም ቢቶች ተራ በተራ በሚያልፉበት ግንኙነት፣ ቲኤክስ (መላኪያ) እና አርኤክስ (መቀበያ) ሽቦዎች አሉ፣ ግራውንድ አለ፣ በቃ። ሰዓት የሚያስተላልፍ ሽቦ የለም። ላኪውም ተቀባዩም በየራሳቸው ሰዓት ይቆጥራሉ።

ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ሰዎችን አስቡ። አንዱ በየምቱ እጁን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል፤ እያንዳንዷ ምት አንድ ቢት ናት። ሌላው ምቱን በልቡ እየቆጠረ፣ በየምቱ መሃል ብቻ ዓይኑን ገልጦ ያያል። ከፍ ብሎ የነበረው እጅ ሲወርድ ቆጠራ ይጀመራል፤ ስታርት ቢት እሱ ነው። ከዚያ ስምንት ምት (አንድ ባይት)፣ ከዚያ እጅ ወደ ላይ፣ ስቶፕ ቢት። በ9600 አንዷ ምት 104 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ናት።

ተቀባዩ ትንሽ ቢቸኩል ችግር የለም፤ በየባይቱ መነሻ ላይ እንደ አዲስ ይቆጥራል። ግን በአሥሩ ምት ውስጥ ግማሽ ምት ከሳተ አለቀለት፣ የጎረቤቷን ቢት ያነባል። ይህ 5 በመቶ ገደማ ነው፤ ያውም የሁለቱም ስህተት ተደምሮ። እኔ ለአንዱ ወገን ከ2 በመቶ በላይ አልፈቅድም።

ታዲያ ቁጥሩን ዝም ብሎ ከፍ ማድረግ ምን ያመጣል? በ16 ሜጋኸርዝ የሚሠራው አትሜጋ 328ፒ (የአርዱኢኖ ኡኖ ቺፕ) ሰዓቱን አካፍሎ 115200ን በትክክል ማውጣት አይችልም። በተለመደው አሠራር 3.5 በመቶ ይስታል፤ በድርብ ፍጥነት 2.1። በ9600 ግን 0.2 ብቻ። የሙቀትና የእርጥበት ሴንሰሩ ዲኤችቲ 22 ደግሞ አዲስ ንባብ የሚሰጠው ቢበዛ በ2 ሰከንድ አንዴ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የምታትሙበት ባውድ ሬት እሱን አያፈጥነውም። እርግጥ ብዙ ጽሑፍ የምትልኩ ከሆነ በ9600 በሰከንድ የሚያልፈው 960 ባይት ብቻ ነው፤ ያኔ ከፍ ማድረግ ተገቢ ነው።

አይቱሲና ኤስፒአይ በሚባሉት ሌሎች የግንኙነት ዓይነቶች ግን ከበሮ መቺ አለ። የክሎክ ሽቦው ከበሮው ነው፤ ማስተሩ (ግንኙነቱን የሚመራው) ይመታል፣ ሌላው በእሱ ምት ያያል። ስለዚህ «የአይቱሲ ባውድ ሬት ስንት ነው?» አይባልም። የሚጠየቀው የክሎኩ ፍሪኩዌንሲ ነው፤ ብዙ ጊዜ 100 ወይም 400 ኪሎኸርዝ።

አንድ ተማሪ ኒዮ-6ኤም ጂፒኤስ ይዞ መጣ። በዩኤስቢ ኮንቨርተር ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶታል። ስክሪኑ በተገለበጠ የጥያቄ ምልክትና በባዶ ሳጥን ተሞልቷል። «ሞጁሉ ሞቷል፣ ሌላ ልገዛ ነው» አለኝ። ሞጁሉ ከፋብሪካ የወጣው በ9600 ነው፤ እሱ በተመከረው መሠረት 115200 ላይ ከፍቶታል። አንዷ የጂፒኤስ ቢት እሱ ጋ አሥራ ሁለት ቢት ያህል ሆና ነበር የምትታየው። ቁጥሩን 9600 አደረግነው። በዶላር ምልክት የሚጀምሩት መስመሮች በየሰከንዱ እየተግተለተሉ መጡ።