አዩርቬዳ ምንድን ነው? ሥጋ ካለመብላትስ ጋር ምን አገናኘው?

አዩርቬዳ የሕንድ ጥንታዊ ሕክምና ነው። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «ሥጋ አለመብላት ከአዩርቬዳ የተወለደ የሕክምና ትእዛዝ ነው» ብሎ ጻፈ። እንደ ወትሮው አልፌው ነበር፤ «ቻራካ እንዳለው» ብሎ ሲጨምርበት ግን አላስቻለኝም።

ወንድሜ፣ የትኛው ቻራካ? በዚህ ጥንታዊ ሐኪም ስም የሚጠራው የአዩርቬዳ መጽሐፍ፣ ቻራካ ሳምሂታ፣ በምግብ ምዕራፉ እንስሳትን በመኖሪያቸውና በአመጋገባቸው ስምንት ቦታ ከፍሎ የየሥጋቸውን ጠባይ ይዘረዝራል። ሰውነትን ለማፋፋትም ሥጋን የሚያህል የለም ይላል። የሚያከሳ በሽታ ለያዘው ሰው የጥንብ አንሳ ሥጋ «ጣዎስ ነው»፣ የቁራው ደግሞ «ቆቅ ነው» ተብሎ እንዲቀርብለት ያዛል፤ እውነቱን ካወቀ ይጸየፈዋልና። ሐኪሙን ያስጨነቀው የበሽተኛው ሆድ እንጂ የወፉ ነፍስ አልነበረም። (መጽሐፉ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ ድሪድሃባላ የተባለ ሊቅ ከዘመናት በኋላ የጎደለውን ሞልቶበታል። እኔም «ቻራካ» የምለው ለማሳጠር ነው።)

ሥጋን መተው ሥሩ አሂምሳ ነው፤ ሕይወት ያለውን አለመጉዳት። አጥብቀው የያዙት ጃይናዎች፣ የአንድ ጥንታዊ የሕንድ ሃይማኖት ተከታዮች፣ ናቸው፤ ከመሬት ሲነቀል ነፍስ ይጠፋል ብለው ድንችና ሽንኩርት እንኳ ይተዋሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የሕንዱ ንጉሥ አሾካ በድንጋይ ላይ ባስቀረጸው አዋጅ፣ በማድቤቱ ለመረቅ በየቀኑ ይታረዱ የነበሩት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ እንስሳት ወደ ሦስት መውረዳቸውን ይናገራል፦ ሁለት ጣዎስና አንድ አጋዘን፤ «አጋዘኑም ሁልጊዜ አይደለም»። በዚህ ሁሉ ውስጥ ስለ ጤና አንድም ቃል የለም።

በሑዳዴ የታመመ ሰው ቤት አስቡ። ከራስጌ የንስሐ አባቱ፣ ከግርጌ ሐኪሙ ተቀምጠዋል። አንዱ ስለ ጾም ያወራል፣ ሌላው የአጥንት መረቅ ያዛል። በር ላይ ቆሞ የሰማ ጎረቤት «ጾሙን ያዘዘው ሐኪሙ ነው» ብሎ ቢያወራ ምን ትሉታላችሁ? በሕንድም ሁለቱ፣ አሂምሳና አዩርቬዳ፣ በአንድ አልጋ ዙሪያ ብዙ መቶ ዓመታት ተቀምጠዋል። ቆይቶ የንስሐ አባቱ ልጅ ራሱ ሐኪም ሆነና መረቁ ከማዘዣው እየቀነሰ ሄደ። ብዙዎቹ የዛሬ የአዩርቬዳ ማዕከላት በሥጋ ፈንታ ምስር የሚያቀርቡት ለዚህ ነው። (መድኃኒቱ ሁሉ ቅጠል ነው ብሎ የሚያምንም ይጠንቀቅ፤ ሜርኩሪና እርሳስ የሚገባባቸው አሉ።)

አንዳንዴ ሁለቱ ይደራደሩ ነበር። በ1890 በኩቻ፣ በዛሬዋ ምዕራብ ቻይና፣ የተገኘው በበርች ዛፍ ቅርፊት ላይ የተጻፈ ጥንታዊ የሕክምና ጽሑፍ የሚጀምረው በነጭ ሽንኩርት ውዳሴ ነው። ብራህሚን፣ ማለትም የሂንዱ ካህናት ወገን የሆነ ሰው፣ ግን ነጭ ሽንኩርት አይበላም። ታዲያ ምን ይሁን? ሽንኩርቱን ላሚቱ ትብላ፣ እሱ ወተቷን ይጠጣ ይላል።