ቁም ሣጥናችንን በቁማችን እንክፈት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰው ሲሞት ልብሱ ይወጣል። ከቀብር በኋላ፣ አንዳንዱ ቤት ወዲያው፣ አንዳንዱ ቤት እስከ ዐርባው ቆይቶ፣ እኅት ወይም ልጅ ቁም ሣጥኑን ትከፍትና እንባዋን እየጠረገች ታጥፋለች። ካፖርቱ ለዘበኛው፣ ጫማው ለአጎት ልጅ፣ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጡ ነዳያን። ተቀባዩም «ነፍስ ይማር» ይላል። መልካም ልማድ ነው፤ ማንም እንዲያስቀረው አልመክርም። የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ካፖርት ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ስንት ክረምት እዚያው ተሰቅሎ ኖረ? ዘበኛውስ ያን ሁሉ ክረምት እዚያው በር ላይ ሲንቀጠቀጥ አልነበረምን?

በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታ ስትሞት የሆነውን ከዚህ አጠገብ አኑሩት። ቅዱስ ጴጥሮስ ወደ ሰገነቱ በወጣ ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ ቀሚሶችንና ልብሶችን ያሳዩት ነበር፤ ከእነርሱ ጋር ሳለች በእጅዋ የሠራቻቸውን (ሐዋ. 9፥39)። የሟችዋን ሣጥን የሚከፍት ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ የለም። ልብሱ ቀድሞ ወጥቶ በመበለቶቹ እጅ ነበር። ጣቢታ ስለ እርስዋ የሚያካፍልላት ዘመድ አላስፈለጋትም።

ጳጉሜን ስትገባ ቤት ይታጠባል፣ ምንጣፍ ይራገፋል፣ በሩፋኤል ዕለት ዝናብ ከጣለ ትልቅ ትንሹ ወጥቶ ይጠመቃል። ቁም ሣጥኑም ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በዚሁ ሰሞን ነው። ከታች ተጣጥፎ የሰነበተውን ነጠላ ስትዘረጉት ማጠፊያው ላይ ቢጫ መስመር ታገኛላችሁ። ጥግ ላይ የተሰቀለው የሱፍ ኮት ደግሞ ኮሌታው ሥር ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ብል ነው። ልብስ የሚበላው ሲበር የምናየው አይደለም፤ ገና ክንፍ ያላበቀለው ትሉ ነው፤ ጨለማና ጸጥታ ይመቸዋል፤ ሱፍና ጠጉር ይወዳል። በየጊዜው የሚለበስ፣ የሚራገፍና ፀሐይ የሚያገኘው ልብስ ላይ አይመቸውም። ስለዚህ ሐዋርያው ያዕቆብ ባለጠጎቹን «ልብሳችሁም በብል ተበልቶአል» ሲላቸው (ያዕ. 5፥2) ስለ ጉዳቱ ብቻ አልተናገረም። ቀዳዳው ልብሱ ሳይለበስ መቆየቱን ይመሰክራል። ናፍታሊን የምንጨምረው ልብሱ እንዲቆይ ነው፤ ግን ለማን እንዲቆይ?

በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሳርያ ያስተምር የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ በዚህ ጉዳይ አያባብልም። በሣጥን የቆለፍከው ልብስ የታረዘው ሰው ገንዘብ ነው፤ ቤትህ የሚበሰብሰው ጫማም ባዶ እግሩን የሚሄደው ሰው ነው ይላል። ከልግስና የሚቆጥርልን መስሎን ነበር፤ እርሱ ግን ከዕዳ ይቆጥረዋል። መጥምቁ ዮሐንስም ሕዝቡ «እንግዲህ ምን እናድርግ?» ብለው ሲጠይቁት ወደ ምድረ በዳ ኑ አላላቸውም። «ሁለት ልብሶች ያሉት ለሌለው ያካፍል» አለ (ሉቃ. 3፥11)። ሁለት ነው ያለው። የእኛን መስቀያ ቢያይ ምን ይል ነበር?

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን የኦሪት ሕግ ነው። የድሃን ልብስ በመያዣ የወሰደ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲመልስ እግዚአብሔር አዘዘ፤ ምክንያቱንም ራሱ ተናገረ፤ ገላውን የሚከድንበት ሌላ የለውም፣ የሚተኛበትም ሌላ የለውም (ዘጸ. 22፥26-27)። ጋቢ ለሚያውቅ ሰው ይህ ማብራሪያ አይሻም። ቀን የለበሱትን ሌሊት ይከናነቡታል። በሐምሌ ከማኅሌት ስትመለሱ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጉልበቱን አቅፎ፣ ራሱን በአንድ እራፊ ሸፍኖ የተኛውን አይታችሁታል። አምላክ የሰዎችን የሌሊት ብርድ እስከዚህ ድረስ ካሰበ፣ ሦስተኛው ጋቢያችን ቁም ሣጥን ውስጥ ምን ይሠራል?

የእናታችሁን ነጠላ ስጡ አልልም። ዐረብ አገር በሰው ቤት የምትለፋ እኅት ከደመወዝዋ ቀንሳ የላከችላችሁን ሻርፕ መያዝም ኃጢአት አይደለም። መታሰቢያ ይኑር። ከሃያ ልብስ ሃያው ሁሉ መታሰቢያ ሲሆን ነው ችግሩ።

አሰጣጡ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የምንወድቀው እዚህ ነውና። ዚፑ የተበጠሰ ሱሪ፣ ብብቱ የቢጫ ካርታ የሠራ ሸሚዝ፣ እግሩ አንድ ብቻ የቀረ ካልሲ በከረጢት ጠቅጥቀን «ለድሆች» እንላለን። በነቢዩ በሚልክያስ ዘመን ሰዎች ዕውሩንና አንካሳውን እንስሳ ለመሥዋዕት ሲያቀርቡ እግዚአብሔር «ለአለቃህ አቅርብለት፤ ደስ ይለው እንደሆነ እይ» የሚል ተግሣጽ ሰጥቶአቸዋል (ሚል. 1፥8)። «ታርዤ አልብሳችሁኛል» ያለው ጌታ ራሱ ከሆነ ከረጢቱ የሚደርሰው ለእርሱ ነው። እንግዲያው ይታጠብ፤ የጎደለው ቁልፍ ይተከል፤ ይተኮስ፤ ኪሱ ይፈተሽ። የማይጠገነው መወልወያ ይሁን፤ ወይም ልዋጭ ባዩ ሲያልፍ በፕላስቲክ ሳህን ይለወጥ። ሳህኑ መልካም ሳህን ይሆናል፤ ከምጽዋት ግን አትቁጠሩት። መቄዶንያን ለመሰለ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል የምትሰጡ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ምን እንደሚፈልጉ ጠይቁ፤ የጎልማሳ ሹራብ የሚያስፈልጋቸው ሊሆን ይችላል፣ እናንተ ግን የሰርግ ቀሚስ ተሸክማችኋል።

ቦታው ከተለቀቀ በኋላ የሚመጣ ፈተናም አለ። ባዶ መስቀያ ዐይን ይወጋል፤ በሳምንቱ ገበያ እንወጣለን። እንዲህ ከሆነ የሰጠነው ለአዲሱ ልብስ ቦታ ስናመቻች ነው። ነቢዩ ኤልሳዕ ከለምጹ ከነጻው ከንዕማን ምንም አልቀበልም ብሎ ሳለ አገልጋዩ ግያዝ ስለ ብርና ስለ ሁለት መለወጫ ልብስ ብሎ ከሰረገላው ኋላ ሮጠ፤ ከልብሱ ጋር የንዕማንን ለምጽ ይዞ ቀረ (2ነገ. 5)። ለበዓል አዲስ ልብስ መልበስ የአባቶቻችን ወግ ነው፤ ልጆቹንም አትከልክሉአቸው። ለትልልቆቻችን ግን አንዳንዱ መስቀያ ባዶውን ይሰንብት። «ምግብና ልብስ ከኖረን ግን እርሱ ይበቃናል» የሚለውን ቃል ያኔ እናነብበዋለን (1ጢሞ. 6፥8)።

ስትሰጡ ፎቶግራፍ አታንሡ። ለጎረቤት ከሆነ ልጆች በሌሉበት ሰዓት፣ በዘንቢል አድርጋችሁ አድርሱ። ከዚያ በኋላ በእድር ቤት ወይም በቅዳሴ መውጫ «ያ ቀሚስ እንዴት አማረብሽ!» ብላችሁ በሰው ፊት አታንሡባት። ለምን አልለበሰችውም ብላችሁም አትጠይቁ። ቀሚሱ የእርስዋ ነው፤ ቆርጣ ለልጅዋ ብታሰፋውም፣ ሸጣ ጤፍ ብትገዛበትም የእርስዋ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።