ከገበያው ሥር ያለው ግንብ፦ ስለ ነዋሪዎች ተሳትፎ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በሰሜን እንግሊዝ፣ የሺፍና የዶን ወንዞች በሚገናኙበት በሸፊልድ ከተማ፣ የስኮትላንድ ንግሥት ሜሪ ከ1570 እስከ 1584 ከታሰረችባቸው ስፍራዎች አንዱ የሆነ የመካከለኛው ዘመን ግንብ ነበር። በ2018 በስፍራው በተካሄደው የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ከባለሙያዎች ጎን ተማሪዎችና ነዋሪዎች ተሳትፈውበታል (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንዲህ ያለ ተሳትፎ በተነሣ ቁጥር ግን የሚደጋገሙ አመለካከቶች አሉ።

አመለካከት፦ ግንቡ ፈርሷልና ሕዝቡ የሚሳተፍበት ነገር የለም።

እውነታው፦ ግንቡ ከእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ፣ በ1640ዎቹ መገባደጃ፣ በፓርላማ ትእዛዝ መፍረሱ እውነት ነው፤ ሆኖም የመግቢያ በሩ ማማ ቅሪት በኋላ በላዩ ከተሠራው የገበያ አዳራሽ ሥር ተጠብቆ ቆይቷል። አዳራሹ በ2015 ከፈረሰ ወዲህም ስለ ቦታው ዕጣ ፈንታ ድምፃቸውን ካሰሙት መካከል የግንቡ ወዳጆች ያቋቋሙት ማኅበር ይገኝበታል።

አመለካከት፦ ልምድ የሌለው እጅ ቅርሱን ያበላሻል።

እውነታው፦ ስጋቱ መሠረት አለው፤ አንዴ የተቆፈረ የአፈር ንብርብር ተመልሶ አይቆፈርምና። ስለዚህም ነው ጀማሪ ዶማ ተሰጥቶት የማይለቀቀው፦ ባለሙያ እየተቆጣጠረው በትንሽ ቦታ ላይ ተንበርክኮ፣ በግንበኛ ማንኪያ አፈሩን በስሱ እየፋቀ፣ ያገኘውን ገል ሁሉ የንብርብሩ ቁጥር በተጻፈበት ሳሕን ያኖራል። ገሉ በጥርስ ብሩሽ ታጥቦ ለመድረቅ ሲሰጣም ቁጥሩ አይለየውም፤ ቁጥሩ ከጠፋ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የማሰሮ አፍ እንኳ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ስባሪ ሆኖ ይቀራል። በእኔ ግምት፣ ከጀማሪው ይልቅ የሚያሰጋው መዝገብ መያዝ የሰለቸው ባለሙያ ነው።

አመለካከት፦ በጎ ፈቃደኛው ወርቅ ቢያገኝ የራሱ ነው።

እውነታው፦ አይደለም። በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት በእንግሊዝ እንዲህ ያለ ጥንታዊ ግኝት ለሚመለከተው የሕግ ሹም መታወቅ አለበት።

አመለካከት፦ ሰዉን የሚስበው የንግሥቲቱና የመኳንንቱ ታሪክ ብቻ ነው።

እውነታው፦ ቁፋሮው ግንቡ ከፈረሰ በኋላ በስፍራው የተሠሩ የአረብ ብረት ማቅለጫ ምድጃዎችን ቅሪትም ገልጧል፤ ሸፊልድ ስሟ የተጠራው ደግሞ በዚሁ ብረት ነው። አያቱ በምድጃ ፊት የሠራ ወይም እናቱ በገበያው ሥጋና ዓሣ ስትሸምት ዘንቢል የያዘላት ነዋሪ፣ የትኛው ሱቅ የት እንደ ነበር፣ ደረጃው በየት በኩል ወደ ምድር ቤት ይወርድ እንደ ነበር ለተመራማሪው ሊነግረው ይችላል። ወደ ግንቡ ለመድረስ ተብሎ የምድጃውና የገበያው ንብርብር እንደ ጥራጊ ቢጣል፣ አብሮ የሚጣለው ይህ ሰው የሚያውቀው ታሪክ ነው።